ሁለት መቶ ሊትር ባሕር

የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ጃንጥላቸውን በር ላይ አራግፈው ወደ ላቦራቶሪያችን ገቡ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ በብብታቸው ይዘዋል። እኔ ያኔ አምቦ ውስጥ የአፈር ምርመራ ቴክኒሺያን ነበርኩ። ሥራዬ ከጎጆና ከካቺሲ ከተሞች በኩል በፌስታል እየታሰረ የሚመጣውን አፈር ማድረቅ፣ መንፋት፣ በውሃ በጥብጦ መለካት፣ ከዚያም ለገበሬው አፈሩ ምን ያህል እንደኮመጠጠና ስንት ኩንታል ኖራ እንደሚያስፈልገው ጽፎ መስጠት ነበር። ክረምት ላይ ሥራው ይቀዘቅዛል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው ቢያናግሩት አይሰማም፤ ሁሉም በየወንበሩ ተቀምጦ ዓይኑን ገልጦ ይተኛል። እኔንም ያገኙኝ እንደዚያ ሆኜ ነው።

ጠርሙሱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና ሁለት ነገር እንድለካላቸው ጠየቁኝ፤ ውሃው ውስጥ ያለውን ካልሲየምና አልካሊኒቲውን። ሁለተኛውን ቃል ከእሳቸው አፍ እሰማለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። አልካሊኒቲ ማለት አንድ ውሃ አሲድ ሲጨመርበት ሳይለወጥ ችሎ የሚቆይበት አቅም ነው፤ የውሃው ትዕግሥት ብል ይሻላል። የጉድጓድ ውሃ መስሎኝ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ ጠየቅኋቸው።

“ከባሕር ነው” አሉኝ።

የቀልድ ፊት አልነበራቸውም። ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩት። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ሽታውን ግን ከዚህ በፊት በሕልም ያገኘሁት መሰለኝ። ቅዳሜ እንዲመለሱ ነገርኳቸው።

ልኬቱ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። ቢጫ ቀለም ያስያዝኩት ውሃ ላይ አሲድ ጠብ ጠብ እያደረግሁ ወደ ብርቱካንማ እስኪዞር ጠበቅሁ። ቶሎ ዞረ። ካልሲየሙም በሊትር አራት መቶ ሚሊግራም አካባቢ መሆን ሲገባው ሦስት መቶ እንኳ አልሞላም። ቅዳሜ ወረቀቱን ቆመው አነበቡት፤ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱትና “ለካ ለዚህ ነው ማደግ ያቆሙት” አሉ ለራሳቸው። ምኖቹ ብዬ ብጠይቃቸው፣ ቤታቸው ሩቅ አለመሆኑንና ጊዜ ካለኝ መጥቼ ባይ እንደሚሻል ነገሩኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ባለቤታቸውን ደግሞ እትዬ። ቤታቸው ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ ነው። ሳሎኑ ጠባብና ጨለም ያለ ነበር፤ አንድ ሶፋ፣ ሁለት ወንበር፣ ግማሾቹ የተጠገኑ ግማሾቹ ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮኖች የተደረደሩበት መደርደሪያ። ጋሼ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ጥገና ነው የሚተዳደሩት። በወዲያኛው ግድግዳ በኩል ግን፣ በሌላው ሰው ቤት ብፌ የሚቆምበት ቦታ ላይ፣ ሰማያዊ ብርሃን ቆሞ ነበር። በብረት አንግል መቆሚያ ላይ የተቀመጠ፣ ሁለት መቶ ሊትር የሚይዝ የመስታወት ሣጥን። ውስጡ ድንጋይ አለ፤ ድንጋዩ ላይ የሕፃን ጡጫ የምታህል ቅርንጫፍ ያላት ኮራል፣ ድንጋይ የምትመስል የባሕር እንስሳ፣ ተቀምጣለች፤ ሁለት ቀንድ አውጣዎች መስታወቱን ተጣብቀው ይሄዳሉ፤ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው አንድ ትንሽ ዓሣ ከድንጋዩ ጀርባ ብቅ ብሎ ይመለሳል። የውሃው ጥላ ጣራው ላይ ይወዛወዛል። ውጭ ዝናብ ነው፤ ውስጥም ከውሃ በታች የተቀመጥን ያህል ተሰማኝ።

እትዬ ወንበር አቀረቡልኝና፣ “ይኸውልሽ፣ ብፌዬን አስወጥቶ ያስገባው ጉድ ይህ ነው” አሉኝ። ሳቅ አልነበረበትም።

ጋሼ የጊንደበረት ልጅ ናቸው። በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ባሕር ኃይል ገብተው ምፅዋ ወርደዋል፤ እስከዚያ ድረስ ያዩት ትልቁ ውሃ ክረምት ላይ የሞላ ወንዝ ነበር። ሥራቸው የመርከብ ኤሌክትሪክ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜ ግን የመርከቡን ሆድ ሊያጸዱ ከሚጠልቁት ጋር አብረው ይጠልቁ ነበር። ስለ ጦርነቱ ብዙ አያወሩም። የሚያወሩት ከውሃው ሥር ስላዩት ነገር ነው። አንድ ጊዜ ከምፅዋ ማዶ ካሉት ደሴቶች አጠገብ ሲጠልቁ ታች የነበረው ሁሉ የአበባ ማሳ መስሎ እንደታያቸው፣ ቀርበው ሲነኩት ድንጋይ ሆኖ እንዳገኙት ነግረውኛል። “ድንጋይ ሆኖ ግን ይተነፍሳል” ነበር ያሉኝ።

የእትዬ ወንድም የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ጅቡቲ ላይ፣ በአዳራሹ የባሕር ዓሣ ያኖር የነበረ አንድ ምግብ ቤት ሲዘጋ፣ ባለቤቱ ያለውን ለሚወስድ ሁሉ ሲሰጥ አየና የእህቱ ባል ትዝ አሉት። ድንጋዮቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ እንስሶቹን በበረዶ ሣጥን አድርጎ፣ ውሃውን በጀሪካን ሞልቶ ሁለት ቀን ነዳ። ጋሼ መስታወቱን ራሳቸው በሲሊኮን ገጣጠሙት፤ ፓምፑንና መብራቱን ከአሮጌ ዕቃ ሠሩ። የአምቦ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ማሞቂያም አደረጉለት። ከመስታወቱ የሚተነውን ያህል ንጹሕ የጣራ ውሃ ይመልሱለታል፤ ጨው ስለማይተን የሚጎድለው ውሃው ብቻ ነው። ሁሉ ነገር ሞልቶ ኮራሏ ግን ማደግ ተወች። የቀንድ አውጣዎቹም ቅርፊት ነጣ፣ ጥርስ እንደበላው ነገር ተሸረፈ።

ምክንያቱ ከመለካቴ በኋላ ግልጽ ነበር። ኮራልም ቀንድ አውጣም ቤቱን የሚሠራው ውሃው ውስጥ ከሟሟ ኖራ ነው። ለዚያ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ አንዱ ካልሲየም ነው፣ ሌላው አልካሊኒቲ ብለን የምንለካው። ትልቁ ባሕር ውስጥ ሁለቱም አያልቁም። ሁለት መቶ ሊትር ውስጥ ግን እንስሶቹ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየወሰዱ ይጨርሱታል። ሁለቱንም መመለስ ያስፈልጋል፤ አንዱ ብቻውን ጥቅም የለውም። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከበዙ ደግሞ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ነጭ ዱቄት ሆነው ይወርዳሉ፤ ያኔ ለማንም አይሆኑም።

ይህን ሳስረዳ ጋሼ በጥሞና ሰሙኝ፤ እትዬ ደግሞ ከወጥ ቤት በር ላይ ቆመው ሰሙኝ። እኔ ዓመቱን ሙሉ ለኮመጠጠ አፈር ኖራ ሳዝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ለባሕር ኖራ አዝዤ ግን አላውቅም። ሥራው ደስ አለኝ። አለቃዬ ቅዳሜ ጠዋት ላቦራቶሪውን እንድጠቀም ፈቀደልኝ። ካልሲየም ክሎራይድ ከአዲስ አበባ አስመጣን፤ ለአልካሊኒቲው ከሱቅ ቤኪንግ ሶዳ ገዛን። ጠዋት እለካለሁ፤ ከሰዓት እነሱ ቤት እሄዳለሁ።

እነዚያ ቅዳሜዎች አሁን ሳስባቸው እርስ በርሳቸው ተደባልቀው አንድ ረጅም ከሰዓት ሆነውብኛል። ጋሼ በሻይ ማንኪያ ለክተው ያሟሟሉ፤ እኔ ቁጥር እጽፋለሁ። ሲያልቅ ሶፋው ላይ እንቀመጣለን። ፓምፑ ያንሾካሽካል። ዓሣው ይወጣል፣ ይገባል። የመስታወቱ ብርሃን የጋሼን ሸሚዝ፣ የሬዲዮኖቹን ክፍት ሆድ፣ የእኔን እጅ ሰማያዊ ያደርገዋል። ወሬያችን እየሳሳ ይሄድና ሳናውቀው ሁለታችንም እናንቀላፋለን። ስነቃ እግሬ ላይ ፎጣ ተደርቦ አገኛለሁ። እትዬ ነበሩ፤ ግን አጠገባችን አይቀመጡም። እሳቸው ያንን መስታወት ሲያልፉት ዞር ብለው ነበር የሚያልፉት፤ የማያነጋግሩት ጎረቤት እንደሆነ ሁሉ።

በሁለተኛው ዓመት መንገድ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። አንዴ ሲዘጋ ብዙ ቆየ። ከሱቅ ሶዳው ጠፋ፤ ከአዲስ አበባም የሚመጣ የለም። ልኬቱ በየሳምንቱ ወረደ። ካልሲየም ትንሽ ቀርቶናል፤ የጎደለው አልካሊኒቲው ነው። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ሐሳቡን የማንም አላደርገውም፣ የራሴ ነው። አምቦ የተቀመጠችው በሚፈላ ውሃ ላይ ነው። ሆራ የምንለው፣ ከብት የሚጠጣው ጨዋማ ውሃ ከመሬት እየተንጨረጨረ ይወጣል። አንድ ጠርሙስ ቀድቼ ለካሁት። አሲድ ባፈስበት ባፈስበት ቢጫው አልዞር አለ። እንደዚያ ያለ ትዕግሥተኛ ውሃ ለክቼ አላውቅም ነበር። የፈለግነው ነገር ከእግራችን ሥር ኖሮ ከሩቅ ስናስመጣ መክረማችን አስቆኝ፣ በደስታ ሮጬ ለጋሼ ነገርኳቸው።

ጋሼ ጠረጠሩ። በትንሹ እንሞክር አሉ። እኔ ግን ቁጥሩን አይቻለሁ፤ ቸኮልኩ። ያን ቅዳሜ የቀረውን ካልሲየም አሟሙቼ ጨመርኩ፤ ጥቂት ደቂቃ እንኳ ሳልቆይ አምስት ሊትር ሆራ፣ ገና ከነጋዙ፣ እየተንጫጫ፣ ገለበጥኩበት።

መጀመሪያ አረፋ ብቻ ነበር። መስታወቱ በሙሉ በጥቃቅን ኳሶች ተሞላና አበራ። እንዲያውም ያምር ነበር። ከዚያ ጋዙ እየወጣ ሲሄድ ውሃው ከመሐል ጀምሮ ወተት መሰለ። ነጩ ነገር ቀስ እያለ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። እንደ ጥጥ የሚዘንበውን የፈረንጅ በረዶ በፊልም ነው ያየሁት፤ ልክ እንደዚያ ነበር፤ ድምፅ የለውም፣ አይቸኩልም፤ ድንጋዩ ላይ፣ አሸዋው ላይ፣ ኮራሏ ላይ አረፈ። ዓሣው ውሃው ፊት ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍት ይዘጋ ጀመር። ምን እንደሠራሁ የገባኝ ያኔ ነው። ለገበሬ ኖራውን አንድ ቦታ አትቆልለው፣ በትነው፣ ጊዜ ስጠው የምል እኔ ነኝ።

ጋሼ አልተቆጡኝም። ያላቸውን የባሕር ጨው ዱቄት በጣራ ውሃ በጥብጠው፣ ግማሹን ውሃ ቀይረው፣ ትንሿን አየር መንፊያ አስገቡ። ሲጨርሱ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና መስታወቱን ሲያዩ ቆዩ። እኔ ልሰናበታቸው ብቆም ቀና ብለው አላዩኝም። በቁጣ እንዳልነበረ ዛሬ አውቃለሁ፤ ልባቸው እዚያ ሳሎን ውስጥ ስላልነበረ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልሄድኩም። በሚቀጥለውም። ላቦራቶሪው ውስጥ ተቀምጬ የሚለካ ነገር ስፈልግ ዋልኩ። ሦስተኛው ሳምንት ውስጥ፣ ረፋድ ላይ፣ እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው መጡ። እዚያ መጥተው አያውቁም። ወንበር ሰጠኋቸው፤ ቁጭ ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

“ሁሉም ተርፏል ልልሽ አልችልም” አሉኝ። “አንደኛው ቀንድ አውጣ ሞቷል። ያቺ ኮራል የምትሏት ድንጋይም በአንድ ጎኗ ነጥታለች። ዓሣው አለ። አንቺ ግን የት ጠፋሽ?”

አፍሬ መሆኑን ነገርኳቸው።

“ለበሽተኛ አንድ ሙሉ ግሉኮስ በአንድ ጊዜ ትደፊበታለሽ?”

“አልደፋም፣ እትዬ።”

“እንግዲያውስ።”

ቦርሳቸውን ከፈቱና ከነላስቲኩ ያለ የግሉኮስ መስጫ ቱቦ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። እትዬ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ነርስ ነበሩ፤ ብዙውን ዓመት የሠሩት ጎጆ ጤና ጣቢያ ነው። ከቱቦው ላይ ጠብታ የምታጠብቀዋንና የምታላላዋን ትንሽ ጎማ በአውራ ጣታቸው እያሳዩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠብታ ሲቆጥሩ እንደኖሩ፣ እኔና ባላቸው ግን ቁጥር እናውቃለን ብለን በማንኪያና በባልዲ ስንጫወት እንዳዩ ነገሩኝ። ለምን ቀድመው እንዳልነገሩን አልጠየቅኋቸውም።

አብረን ሄድን። እትዬ ሁለት ባለ ክዳን ጠርሙስ ገልብጠው ከመስታወቱ በላይ ሰቀሉ። አንደኛው ውስጥ ሆራ ነው፤ ግን ሁለት ቀን በሰፊ ባልዲ ተቀምጦ ጋዙ የወጣለት፣ በንጹሕ ጨርቅ የተጠለለ፣ በጣራ ውሃ የተበረዘ። እሱ ጠዋት ይንጠባጠባል። መንገዱ ተከፍቶ ከአዲስ አበባ የደረሰልን ካልሲየም ደግሞ ከሰዓት፣ በወዲያኛው ጫፍ፣ ፓምፑ በሚገፋበት በኩል። እትዬ ደረታቸው ላይ የሚሰኩትን የነርስ ሰዓት ከሣጥን አውጥተው ጠብታውን በደቂቃ ቆጠሩ፤ ጎማዋን ነካ አድርገው እንደገና ቆጠሩ። ሆራውን እየለካሁ መጠኑን የምነግራቸው እኔ ነበርኩ፤ ውሳኔው ግን የእሳቸው ሆነ። አንድ ካርቶን ቆርጠው እንደ በሽተኛ ሰንጠረዥ አሰመሩ፤ ሙቀት፣ ካልሲየም፣ አልካሊኒቲ፣ “አጠቃላይ ሁኔታ”። በመጨረሻው ሣጥን የመጀመሪያውን ቀን “ደካማ” ብለው ጻፉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ሁሉ ቀስ ያለ ነበር። ለሦስት ወር ያህል ምንም አልሆነም፤ ልኬቱ ብቻ ሳይወጣ ሳይወርድ ቀጥ ብሎ ቆመ። አንድ ቀን የተረፈው ቀንድ አውጣ መስታወቱን ተጣብቆ ሲያልፍ እትዬ ጠሩን። ቅርፊቱ ላይ መስመር ነበር። ከመስመሩ በላይ ያለው የተሸረፈና የነጣ፣ ከመስመሩ በታች ያለው ለስላሳና ቡናማ። ርሃቡ የት ጋ እንዳለቀ በጣት ማሳየት ይቻል ነበር። ቆይቶ ድንጋዮቹ ላይ ሐምራዊ ቅርፊት ወጣ፣ ወደ መስታወቱም ተሻገረ። የኮራሏም ቅርንጫፎች በደህናው ጎኗ ጫፍ ጫፋቸው እየረዘመ፣ የሞተውን ጎኗን ከሥሩ እያለበሱ መጡ። የእትዬ ሰንጠረዥ ላይ “ደካማ” የሚለው “ለውጥ አለ” ሆነ፤ በኋላ “ደህና”።

እትዬም ወንበራቸውን አመጡ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስታችን ሆንን፤ ሦስታችንም እናንቀላፋለን። ከእንቅልፌ ስነቃ ብዙ ጊዜ ጋሼ ተኝተው፣ እትዬ ግን ጠብታዋን በዓይናቸው እየተከተሉ አገኛቸዋለሁ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። መቁጠር ይሁን መጸለይ ለይቼ አላውቅም።

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት መስከረም ይመስለኛል፣ እትዬ ወንጪ ደሴቱ ላይ ያለውን ቤተ ክርስቲያን መሳለም እፈልጋለሁ አሉ። እስከዚያ ድረስ ጀልባ ፈርተው ቀርተዋል። ሦስታችን ሄድን። ወንጪ ሐይቅ ዳር፣ ሐሮ ወንጪ ስንደርስ ጉም ሐይቁን ከላይ ሸፍኖት ነበር፤ ውሃውና ሰማዩ የት ጋ እንደሚለያዩ አይታወቅም። ጋሼ ከጀልባው ባለቤት ጋር በአፋን ኦሮሞ ተግባብተው፣ መጀመሪያ ብቻቸውን ከእሱ ጋር ትንሽ ዞር ብለው ሊመለሱ ገቡ። መቅዘፊያውን ሲቀበሉት አየሁ። ጀርባቸው ቀና አለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጉሙ ዋጣቸው፤ የመቅዘፊያው ድምፅ ብቻ ቀረ፤ እሱም ቀረ።

እትዬ ሣሩ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። ሳልጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ። በተጋቡ በዓመቱ ጋሼ ወደ ምፅዋ ተመለሱ። በመጨረሻ መርከቦቹ ወደቡን ጥለው ሲወጡ አብረው ወጡ፤ ከባሕሩ ማዶ ባለ አገር ስደተኛ ሰፈር ውስጥ ከረሙ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ አልመጣም። እትዬ ጎጆ ጤና ጣቢያ ነበሩ፤ ብርድ ነው፣ ገብስና ድንች ነው፣ ባሕር ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም። ሞቷል ብለው የሚመክሯቸው ነበሩ፤ ሌላ አግቢ የሚሏቸውም።

“እኔ ሌላ ሴት ያዘው ብዬ አስቤ አላውቅም” አሉኝ። “ባሕሩን ነበር የምጠላው። መጥቶም፣ አጠገቤ ተኝቶም፣ ግማሹ እዚያ ነበር። ወንድሜ ያንን ውሃ በጀሪካን ሲያመጣው፣ ጣውንቴን በገዛ እጄ ሳሎኔ አስገባኋት አልኩ።”

ታዲያ ለምን ቱቦውን ይዘው መጡ አልኳቸው።

እትዬ ዓይናቸውን ከጉሙ ሳያነሡ መለሱልኝ። “ያን ቀን ውሃው ሲነጣ ፊቱን አየሁት። ድሮ የተመለሰ ዕለት የነበረው ፊት ነው። ያኔ ምን እንደማደርግለት አላወቅሁም ነበር፤ ገና ጀማሪ ልጅ ነበርኩ። አሁን ግን ነርስ ነኝ።”

ጀልባዋ ከጉሙ ስትወጣ ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው “ትገቢያለሽ?” አሏቸው። እትዬ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙና ገቡ። እስከ ደሴቱ ድረስ ዓይናቸውን አልከፈቱም፤ ሲመለሱ ግን ከፍተው ነበር።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ጋሼን ስትሮክ መታቸው። ጠዋት ሬዲዮ ሲፈቱ ብሎኑ ከእጃቸው ወደቀ፤ ሊያነሱት ሲሉ እሳቸውም ወደቁ። ቀኝ ጎናቸው ዛለ፤ አንደበታቸው ተያዘ። ሆስፒታል ሁለት ሳምንት ቆዩ። በእነዚያ ሁለት ሳምንቶች እኔ ጠዋትና ማታ እየሄድኩ ጠርሙሶቹን ሞላሁ። ጋሼን ልጠይቅ ሆስፒታል ስሄድ እትዬ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ጠብታው በደቂቃ ስንት እንደሆነ ነበር። መንገር ያለብኝ ልኬቱን መሆኑን ለመድኩ፤ ሌላው ሁሉ ያስለቅሳቸው ነበር።

ጋሼ ቤት ሲመለሱ ወንበራቸውን ከመስታወቱ ፊት አደረግንላቸው። ንግግራቸው ሲመለስ በአማርኛ አልመጣም። ሐኪሙ እንደዚህ ያጋጥማል አለ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሠሩበት፣ ያገቡበት፣ ከእኔም ጋር ያወሩበት አማርኛ የሆነ ቦታ ሄዶ፣ ጊንደበረት በልጅነታቸው የተናገሩት አፋን ኦሮሞ ብቻ ቀረ። እኔ አምቦ ያደግሁ ስለሆንኩ አልተቸገርኩም፤ እትዬም ጎጆ ከገበሬ ጋር ሲሠሩ የኖሩ ናቸው፤ ይሰማሉ፣ ይናገራሉ። ግን ከባላቸው ጋር በዚያ ቋንቋ አውርተው አያውቁም ነበር። አሁን ተለማመዱ። ጠዋት “አካም ቡልቴ?” እያሉ ይቀሰቅሷቸዋል፤ እንዴት አደርክ ማለት ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ ትዳር እንደ አዲስ የተጀመረ ይመስል፣ እትዬ ቃል ሲሳሳቱ ጋሼ በግማሽ ፊታቸው ይስቃሉ።

ከምፅዋ የመጡት ቃላት ሁሉ ጠፍተውባቸው ነበር። የመርከቡን ዕቃዎች፣ የነፋሶቹን ስም፣ አንዱንም አያገኙትም። አንድ ከሰዓት ልኬቱን አንብቤላቸው ስጨርስ ደህናውን እጃቸውን አንስተው ወደ መስታወቱ ጠቆሙና፣ “ገላና” አሉ። ባሕር ማለት ነው። ጊንደበረት ውስጥ ልጅ ሆነው ያን ቃል ምን ብለው እንደተማሩት እንጃ፤ ያኔ ባሕር አላዩም። እትዬ ካርቶኑ ላይ ሲጽፉ ነበር፤ እርሳሳቸውን አቆሙ። ወደ ባላቸው ጎንበስ ብለው “ገላና” ብለው ደገሙላቸው።

እኔ አሁን ጎጆ ነው የምሠራው፤ አምቦ የምወርደው በየአሥራ አምስት ቀኑ ነው። ለመለካት መሄድ አያስፈልገኝም፤ እትዬ የመለኪያውን ጠብታዎች ከእኔ ተምረው ራሳቸው ይለካሉ፤ ውጤቱን በስልክ ያነቡልኛል። ብሄድ ግን ደስ ይላቸዋል። ባለፈው ወር ስሄድ ኮራሏ ውሃው ፊት ድረስ ደርሳ ነበር፤ ከዚያ በላይ ማደጊያ የላትም። እትዬ ከድሮ የሥራ ዕቃቸው መቁረጫ አውጥተው፣ በአልኮል ጠርገው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው እስከ ክርናቸው ውሃው ውስጥ ገቡ። ቀጭን የመሰበር ድምፅ ተሰማ። የተቆረጠችውን ቅርንጫፍ ባዶ ድንጋይ ላይ በሙጫ አጣብቀን በሌላው ጥግ አስቀመጥናት። ቢጫውና ጥቁሩ ዓሣ መጥቶ አሸተታትና ተመለሰ።

ጋሼ ያን ሁሉ አላዩትም። ወንበራቸው ላይ አንገታቸው ዘንበል ብሎ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር፤ ሰማያዊው ብርሃን ከሸሚዛቸው ወደ ጉንጫቸው ወጥቶ ይወዛወዛል። እትዬ እጃቸውን በፎጣ አደረቁና፣ ሲነቁ እንደሚያሳዩዋቸው ነገሩኝ።